መጁ ሲሳሳ

ኻሰብ፣ ከምሳ በኋላ። ኤሲው ያጓራል፤
የባሕሩ ወለል ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ይውላል።
መምህርት ሸምሳ ናት ያመጣችው፣ ከመርከብ ስትመለስ፤
"ሉባባ፣ አደራ፣ እንዳትነኪው" አለች፣ "ውሃም እንዳያገኘው!"
የባሕር ካርታ፣ እንዳይርስ!
በሆዴ ሳቅሁ። ዳር ዳሩን በላባ ጠረግሁ፤
ሰማያዊውን ገደል፣ ጥቁሩን ገደል በዓይኔ ብቻ ተከተልሁ።

ማታ ግን ራሷ ጠራችኝ፣ የሻይ ብርጭቆ በእጇ።
"የእኛ ምድር ከእናንተ ምድር ነው ተገንጥሎ የወጣው፣
በአፋር በኩል ተሰንጥቆ፣ ቀይ ባሕርን ከኋላው ያስገባው።
በዓመት ጥፍር የሚያድገውን ያህል፣ ሳይቸኩል፣ ሳያርፍ፣
ይሄዳል እስከ ፋርስ ጠረፍ፤
እዚያ ሲደርስ ይጎነበሳል ከሌላው ምድር ሥር ለማለፍ።"

እንግዲያስ፣ አልሁ በልቤ፣ ቀድሞኝ የመጣ አለ፣
ያለ ደላላ፣ ያለ ቪዛ፣ ያለ ሻንጣ የኮበለለ።

"እዚህ በመክራን በኩል" አለች፣ "ሲወርድ ደለሉን ይገፋል፣
እንደ አካፋ እየዛቀ ከፊት ለፊቱ ይከምራል።
በሩቅ ባሕር ግን፣ በቺሊ ዳርቻ፣ በጃፓን ማዶ፣
የሚወርደው ጀርባው ሻካራ ነው፤ የላይኛውን ከሥሩ
ይፍቀዋል፣ ይልጠዋል፤ ሽራፊውን ይዞት ይገባል ወደ እሳቱ።
ከላይ ሲያዩት ሰላም ነው። ዓሣው ይዋኛል፣ ጀልባው ያልፋል፤
ወለሉ ግን ያዘነብላል፣ ይሰምጣል፤
ጥልቁ ቦይ በየዘመኑ ወደ የብሱ ይጠጋል።"

አባቷ፣ ሽማግሌው ራሺድ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፦
"የእኛም ተራራ ይሰምጣል። አባቴ ይሉ ነበር፣
መረብ የምንጥለው ሸለቆ ላይ ነው።"
ደግሞ ዝም አሉ። ትንባኳቸውን አራገፉ።

"ገባሽ?" አለችኝ ሸምሳ።
ገባኝ። የወፍጮ ነገር ነው።
እናቴ ባቲ ላይ የፈጨችበት መጅ፣ ሲመጣ አዲሱ፣
ሁለት እጅ ይሞላ ነበር ጥቁር ድንጋይ ራሱ።
በስንት ማሽላ፣ በስንት ክረምት ሳሳ፤ እንደ ሳሙና ሳሳ።
"የት ሄደ?" ብዬ ጠየቅሁ በልጅነቴ።
"በላችሁታ" አለች እናቴ።

ሐሙስ ዕለት መኖሪያ ፈቃዴ ሊታደስ ቢሮ ወሰዱኝ፤
መስታወቱ ላይ አውራ ጣቴን ጫንሁ። ቀይ። "ድገሚ" አሉኝ።
ደገምሁ። ቀይ።
በሻሼ ጠረግሁት። ቀይ።
ጸሐፊው፣ ጢሙ ገና የሚያቀነቅን ልጅ፣
ጣቴን ገልብጦ ወደ መብራቱ ሲያይ፣
"መስመር የለውም" አለ፣ "ሙልጭ ብሏል። ምን ነክተሽ ነው?"
ያልነካሁትን ብቆጥርለት ይቀል ነበር።
ሰባት ዓመት በረኪና፣ ሰባት ዓመት የወለል ብሩሽ፣
የዓሣ ቅርፊት፣ የድስት ጥላሸት፣
የሽማግሌው ጨው የጠጣ መረብ።

ባቲ ላይ ግን ቤቱ ቆሟል። ብሎኬት በብሎኬት
ወንድሜ ሙሔ ፎቶ ይልካል፤ ትናንት በር፣ ዛሬ መስኮት፣
ቆርቆሮው በፀሐይ ያበራል፣ ዓይን ይወጋል።
ባንድ ገላ ላይ፣ በዚያ ይከመራል፣ በዚህ ይፋቃል።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፤
ድንጋይ ግን አያስቅም፣ አያስለቅስም፣
ዝም ብሎ ነው የሚወስድ።

ሌሊት ቤቱ ሲተኛ በባዶ እግሬ ወረድሁ።
ካርታው እንዳለ አለ። መብራት አላበራሁ።
አውራ ጣቴን፣ ያን ሙልጭ ያለውን፣ ጥቁሩ ቦይ ላይ ጫንሁ፣
አጥብቄ፣ እንደ ቢሮው መስታወት፣
እስኪያመኝ ድረስ፤
ከዚያ ተኛሁ።

ጠዋት ሸምሳ መነጽሯን አድርጋ ካርታዋን መረመረች፣
ዳር እስከ ዳር፣ ጎንበስ ብላ።
"ጎበዝ" አለችኝ፣ "አልነካሽውም።"